ምዕራፍ 6፦ ሲካፈል የማያልቅ

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክን በእግሩ ዞሮ ማየት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ በጠዋት ይግባ። ከረፈደ በኋላ የሚያገኘው ጥላ የሼዶቹ ጥላ ብቻ ነው፤ እሱም ቀትር ሲሆን ከግድግዳው ሥር ተሸማቆ እግር እንኳ አይሸፍንም። እኔን ያስረፈደኝ ስለ ሼዶቹ ማሰቡ ነበር። ሼድ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ የመብራት መስመርና ሰፊ በር ያለው ባዶ አዳራሽ ነው። ማሽኑን፣ ሠራተኛውንና ጨርቁን ይዞ የሚመጣው ተከራዩ ነው። መንግሥት ሼዱን ሲያቆም ግን ተከራዩ ማን እንደሚሆን ገና አይታወቅም።

«ሙሽራዋ ሳትገኝ ጎጆ መቀለስ ነው» አለኝ አብሮኝ የነበረ መሐንዲስ እየሳቀ።

መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚከተለው ጥያቄም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጥቅሙ ገና ባልታየ ነገር ላይ የመጀመሪያውን ብር የሚያወጣው ማን ነው? በምዕራፍ 3 እድርን አይተናል፤ ሰዎች ቀኑን ለማያውቁት ሐዘን ድንኳን አስቀድመው ይገዛሉ። በምዕራፍ 5 ደግሞ ሐዲዱን አይተናል። ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተቋቋመው የግል ኩባንያ ድሬዳዋ ለመድረስ ትንፋሽ አጠረው፤ በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊደጉመው ተዋዋለ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ባቡሩ ደረሰና ከሐዲዱ ጫፍ ላይ ከተማ በቀለ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐዲድ ግን ቢያንስ ትኬት ይቆረጥለታል። ሼድም ኪራይ አለው። ትኬትም ኪራይም የሌለው ነገር ሲሆን ምን ይደረጋል?

ዐሥራ አንደኛው ቤት

አንድ እንጀራ ለሁለት ሰው ሲቆረስ ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሰዋል። አንድ መንገደኛ «ለገሀሬ በየት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ብነግረው ግን ከእኔ እውቀት የሚጎድል የለም። እሱም ለሌላው ይነግራል፤ ሌላውም ለሌላው። እውቀትን ከእንጀራ የሚለየው የመጀመሪያው ጠባይ ይህ ነው፤ ሲካፈል አያልቅም።

ሁለተኛውን ጠባይ ለማየት የሰፈር ጥበቃን እናስብ። አንድ ቅያስ ውስጥ ዐሥር ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ዘበኛ ቀጠሩ እንበል። ዐሥራ አንደኛው አልከፈለም። ሌሊት ሌባ ሲመጣ ዘበኛው ፊሽካውን የሚነፋው ለዐሥሩ ብቻ መርጦ አይደለም፤ ያልከፈለውም በሰላም ተኝቶ ያድራል። በሚቀጥለው ወር ከከፋዮቹ አንዱ «እኔስ ለምን ሞኝ እሆናለሁ?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ እየተባለ ዘበኛው ከሥራ ይወጣል፤ ሌባውም ይገባል።

ኢኮኖሚስቶች ሲጠቀሙበት የማያልቀውንና ያልከፈለውን ሰው መከልከል የማይቻልበትን ነገር በአንድ ስም ይጠሩታል፤ እኛ እዚህ «የወል ጥቅም» እንለዋለን። ነጋዴ ይህን ነገር የማይወደው ስለ ከፋ አይደለም። በር የሌለው ሱቅ ስለሆነበት ነው። የአእዋፍን ዓይነት መቁጠር፣ የድንጋይን ዕድሜ መመርመር፣ የደረቀ ቅጠል በወረቀት አጣብቆ ለመቶ ዓመት ማስቀመጥ፣ ሁሉም በር የሌላቸው ሱቆች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ መንግሥታት እየጎረበጣቸውም ቢሆን የእነዚህን ሱቆች ወጪ መሸፈን ጀመሩ።

እየጎረበጣቸው ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዛዊው ጄምስ ስሚዝሰን ሞቶ በኑዛዜው ያወረሰው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ1838 አሜሪካ ሲገባ ኮንግረሱ ምን እንደሚያደርግበት ሲከራከር 8 ዓመት ፈጀ። ገንዘቡ በነጻ የመጣ ነበር። የስሚዝሶኒያን ተቋም አዋጅ የወጣው በ1846 ነው።

የኤስሊንገን እቁብ

መንግሥት ከመግባቱ በፊት የተሞከረ ሌላ መላ ነበር፤ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። በ1825 ኤስሊንገን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ሽቶይደልና ሆክሽቴተር የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ የጉዞ ማኅበር አቋቋሙ። አሠራሩ ለእኛ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ዕፅዋት የሚወዱ አባላት የድርሻ ገንዘብ አስቀድመው ይከፍላሉ፤ በተዋጣው ገንዘብ አንድ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ የላከው የደረቀ ዕፅ ሲደርስ እንደየድርሻቸው ይከፋፈሉታል። ከእቁብ የሚለየው ዕጣው ቅጠል መሆኑ ነው።

ማኅበሩ ከላካቸው አንዱ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ኢትዮጵያ ገባ። ለጥቂት ጊዜ መጥቶ ዕድሜውን በሙሉ ቀረ። ትግራይ ውስጥ አግብቶ ወለደ፤ ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር አስተዳዳሪ አደረጉት፤ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። እሱ የሰበሰባቸውን ዕፅዋት ኤስሊንገን ተቀምጦ ስም ካወጣላቸው አንዱ ሆክሽቴተር ነው። ዛሬ የብሳናን ወይም የብርብራን ሳይንሳዊ ስም በሙሉ የሚጽፍ ተማሪ የዚህን ሰው ስም በአጭሩ ከኋላው ይቀጥላል። አገሩን ረግጦት የማያውቅ ሰው ስም በየደጃችን ጥላ ላይ ተለጥፏል።

እቁቡ ግን ጉድለት ነበረበት። የተዋጣው ለቅጠሉ እንጂ ለእውቀቱ አልነበረም። ከፋዩ የሚፈልገው የራሱን ድርሻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ላይ ቢቀመጥ ይበልጥ የሚናገረው ስብስብ በየከተማው ተበታተነ። ከዚያም እቁብተኛ ዕጣው ካልደረሰው ይታክተዋል። ማኅበሩ ብዙ ዓመት አልቆየም። ሰብሳቢው ግን አገር ቤት ሳይመለስ ትግራይ ውስጥ ቀረ።

ምርቃት

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሄዶ ማንጎ የገዛ ሰው ከሂሳቡ በላይ አንድ ፍሬ ጣል ይደረግለታል፤ ምርቃት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት ለሳይንስ ያወጣ የነበረው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነበር። ዋናው ግዢ መርከብ፣ ጦር ወይም ዲፕሎማሲ ነው፤ ሳይንቲስቱ ከላይ ጣል ይደረጋል።

ፈረንሳይ ከብዙዎቹ የተሻለች ነበረች። የባሕር ኃይል መኮንኑ ቴዎፊል ለፌቭር ከ1839 እስከ 1843 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጓዝ ካርተን ዲዮንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ዕፅና እንስሳ እንዲሰበስቡ አብረውት ነበሩ። ካርተን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ። ፔቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰ፤ ዕፅዋቱን አሺል ሪሻር ከሺምፐር ስብስብ ጋር አስተያይቶ ሁለት ጥራዝ ጻፈ፤ መጽሐፉም በንጉሡ ትእዛዝ ታተመ። ይህችን «በንጉሡ ትእዛዝ» የምትል ሐረግ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። መንግሥት የከፈለው ለመንገዱ ብቻ አይደለም፤ ለማተሚያውም ነው። ኅትመት ያላገኘ ግኝት የአንድ ሰው ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። የኤስሊንገን እቁብተኞች ያልከፈሉለትም ይህንኑ ነው።

እንግሊዞች በበኩላቸው ለሳይንስ ሲከፍሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከ1850 ጀምሮ መንግሥት ለሮያል ሶሳይቲ (የአገሪቱ አንጋፋ የሳይንቲስቶች ማኅበር ነው) በየዓመቱ 1,000 ፓውንድ ለምርምር ይሰጥ ጀመር። ለግዙፍ ኢምፓየር የሻይ ገንዘብ ናት። በ1867 እና 68 ያው መንግሥት በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ላዘመተው የናፒየር ጦር ያወጣው ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። የአንዱ ዘመቻ ወጪ ለሮያል ሶሳይቲ ቢሰጥ ኖሮ ከ8,000 ዓመት በላይ ይበቃው ነበር ማለት ነው። ሒሳቡን የሠራሁት ለክፋት ነው፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ዘመቻው ግን ምርቃት ነበረው። ከጦሩ ጋር የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነ አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ተጓዘ፤ ዊልያም ብላንፎርድ፣ ከሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት። ከዙላ ጠረፍ እስከ መቅደላ ሠራዊቱ በሄደበት ሄደ፤ ጦሩ ሲያርፍ እሱ ገደል ለገደል ድንጋይ ይመታል። በ1870 ያሳተመው መጽሐፍ የሰሜን ኢትዮጵያን ድንጋዮች በየንብርብራቸው ስም ሰጣቸው። ከሥር የአዲግራት አሸዋማ ድንጋይ፣ ከሱ በላይ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የአሸንጌ እሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከአናቱ የመቅደላ።

አንባቢ ስሞቹን በተርታ ያንብባቸው። አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ። የሠራዊቱ መንገድ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጓዘው ጦር ሰልፍ ከአሮጌው ድንጋይ ወደ አዲሱ ከሚወጣው መሰላል ጋር ገጥሟል። ወራሪው ሄደ፤ ያለፈበት መንገድ ስም ድንጋዩ ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከተማዋ ወንዟ በጋውን አሸዋ ነው፤ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፣ በተለይም ከሳቢያን ጉድጓዶች። እዚህ ውኃ ፍለጋ የሚቆፍር ባለሙያ መሣሪያው ስንት ሜትር ላይ የትኛውን ድንጋይ እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት፤ ኖራ ድንጋይና አሸዋማ ድንጋይ ውኃ የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነውና። በሪፖርቱ ላይ የታችኛውን ንብርብር «አዲግራት» ብሎ ይጽፋል። ከላዩ ያለውን ኖራ ድንጋይ አንዳንዶቹ አንታሎ፣ ሌሎቹ ሃማንሌ ይሉታል። አዲግራት ከድሬ ስንት ቀን መንገድ ነው! ስሙን ለመጠቀም ግን ማንም ለብላንፎርድ ወራሾች አይከፍልም፤ ስሙም በተጠቀሙበት ቁጥር አያልቅም። የፓርኩን ሼድ አንድ ፋብሪካ ከገባበት ሌላው አይገባበትም። በሼዱ ሥር ያለው መሬት ምን እንደሆነ ማወቁ ግን ለሁሉም እኩል ይበቃል።

ደላንታ ላይ የነበረው ጨረታ

እዚህ ድረስ «የወል ጥቅም» የምንለው ነገር ጥሩ ጥሩው ብቻ መስሏል። የዚሁ ዘመቻ ሌላው ምርቃት ነገሩን ያወሳስበዋል።

የብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆምስ የተባለ ሠራተኛውን ከጦሩ ጋር ልኮ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መድኃኔ ዓለም ብለው ለሚሠሩት ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌላውም አገር ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ ነበሩ። አሰባሰቡ የዋህ አልነበረም፤ የጎንደር አድባራት በፈቃዳቸው አልሰጡም። ሚያዝያ 1868 አምባው ሲወድቅ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘረፉ። ዝርፊያው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ፤ ወደ 5,000 ፓውንድ ተገኘ፤ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ሆምስ ከሌሎቹ ተጫራቾች በላይ ለመክፈል የሚያስችል ገንዘብ ነበረው፤ መንግሥት ከኋላው ነበርና። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለንደን ገቡ።

በሙዚየም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አብረው ይኖራሉ፤ ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል። አንደኛው ዕቃው ነው። ብራናው አንድ ነው፤ ለንደን ካለ ጎንደር የለም፤ ከእንጀራው ወገን ነው። ሁለተኛው ስለ ዕቃው የሚታወቀው ነው፤ ምን እንደሚል፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ማን እንዳስጻፈው። ይህ ከለገሀሬ መንገድ ወገን ነው። በ1877 ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪም ይጠቀምበታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚየሞች በሁለተኛው እያመካኙ የመጀመሪያውን ወሰዱ። «እውቀት ለሁሉም ነው» የሚለው እውነት ብራናው የማን እንደሆነ አይመልስም። በኔ እምነት የዛሬው የማስመለስ ክርክር ግማሹ የሚነሣው ሁለቱን በአንድ ቃል ከመጥራታችን ነው።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ ልዩነቱን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው አመለከቱ። መጽሐፉ ምን እንደሚል ጠፍቷቸው አይደለም። የፈለጉት ዕቃውን ነው። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ።

ጋፋትና ልጥ ማረፊያ

የእኛ መንግሥታትስ በዚያ ዘመን ከፍለዋል ወይ? ከፍለዋል፤ የከፈሉለት ነገር ግን የተለየ ነበር።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ለዛሬው ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርብ ዘመድ ይመስለኛል። አፄ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አንድ ቦታ አሰፈሩ፤ ቀለብና ደመወዝ ሰጡ፤ የአገሬውን ሠራተኛ መደቡላቸው። ወደ 7 ቶን የሚገመተው ሴቫስቶፖል መድፍ የተቀለጠው እዚያ ነው። መንግሥት መሬቱን፣ ጉልበቱንና ገንዘቡን አቅርቦ የውጭ ሙያ ያስገባበት ሥፍራ መሆኑ ከዛሬው አሠራር ጋር ያመሳስለዋል። ጋፋት ግን ሥራው ለአንድ ደንበኛ ብቻ ነበር። ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ፤ መድፉ መቅደላ አፋፍ ላይ ቀረ፤ እንዴት እንደተሠራ የሚያስተምር መጽሐፍ ወይም ተቋም ግን አልቀረም። ንጉሡ የገዙት መድፍ ነበር፤ አቀላለጡን የሚያስቀምጥ ቤት አልተሠራም።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ያደረጉት ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ1877 ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የምርምር ጣቢያ እንዲሆን ሰጡ። ኦራሲዮ አንቲኖሪ እዚያ ተቀምጦ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ ኖረ፤ በ1882 እዚያው ሞተ። መሬቱ የሸዋ፣ ወፎቹ የሸዋ፣ ስብስቡ ያረፈው ጄኖቫ ሙዚየም። ንጉሡ ለሳይንስ አስተዋጽኦ አድርገዋል ማለት ይቻላል፤ መደርደሪያው ግን የእኛ አልነበረም። መደርደሪያው እስኪመጣ ብዙ ቆየ። የዛሬው ብሔራዊ ሙዚየም መነሻ የሆነው ዐውደ ርእይ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተከፈተው በ1944 ነው።

የጃርቱ ዋሻ

መደርደሪያ ለምን ያስፈልጋል? ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ አንድ ዋሻ አለ። በፈረንሳይኛ «ፖርክ ኤፒክ» ይባላል፤ ጃርት ማለት ነው። በ1929 ያገኙት ቄሱ ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደንና ጀብደኛው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ናቸው። በ1933 ተቆፈረ፤ ከ1974 እስከ 1976 ደግሞ ዴዝሞንድ ክላርክና ኬኔት ዊልያምሰን በሰፊው ቆፈሩት። ከወጣው ውስጥ ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር ይገኝበታል። በየከረጢቱ ሆኖ አዲስ አበባ ሙዚየም ገባ።

ከዚያም ተቀመጠ። አርባ ዓመት ገደማ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዘበኛ ደመወዝ ይከፈላል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ይጠገናል፤ ለከረጢቱ ቦታ ይሰጣል። መንግሥት ቢለወጥም መደርደሪያው አልተነካም። ወጪ ቆራጭ የሒሳብ ሹም አንድ ቀን መጥቶ «ይሄ አፈር ምን ይሠራል?» ቢል ኖሮ በጊዜው መልስ የሚሰጠው ሰው አልነበረም።

መልሱ የመጣው በ2016 እና 2017 ነው። ዳንኤላ ሮሶና ባልደረቦቿ ከረጢቶቹን ከፍተው ቆጠሩ፤ 4,213 ቁራጭ፣ ወደ 40 ኪሎ። ከ40,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ዋሻ ውስጥ ድንጋይ ላይ እየፈጩ፣ የተለያየ ቀለምና ልስላሴ እየመረጡ፣ ቢያንስ ለ4,500 ዓመት ያህል ቀለም አምርተዋል። ከዕቃዎቹ መካከል ግማሹ በቀይ የተለቀለቀ አንድ ድቡልቡል ጠጠር አለ፤ እንደ ማኅተም ተነክሮ ይታተምበት የነበረ ይመስላል። ከዛሬዎቹ ሼዶች ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ የቀለም ፋብሪካ ነበረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1976 ከረጢቱን ያሰረው ሰው ይህን ሁሉ ለመመርመር የሚያስችለው መሣሪያ አልነበረውም። ያደረገው አስሮ ማስቀመጡን ብቻ ነው።

ከዋሻው በኩል የመለሰኝ ባለ ባጃጅ ወሬውን በጥሞና አዳመጠኝ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አቦ፣ ቀይ አፈር እኮ እዚህም ሞልቷል» አለኝ። ትንሽ ነዳና ዞር አለ። «ኪሎውን በስንት ይሸጡታል ታዲያ?»

40 ኪሎ መሆኑን ብቻ ነገርኩት።